ስልሳ ሰከንድ

ደሴ ፒያሳ ላይ፣ ከሦስት ፎቅ ጓዳ፣
ሰርቨሩ ይኖራል፣ የጦሳ እንግዳ፤
«ማቀዝቀዣ ግዙ» ብዬ ጽፌላቸው
«መስኮቱን ክፈተው» የሚል ነው መልሳቸው።
እውነት አላቸው፤
ጉሙ ይገባና ትኩሳቱን ለክቶ
ይወጣል በቀስታ፣ እንደ ሐኪም ነክቶ።

ሥራዬ ጥበቃ ነው፤ ዱላ ግን የለኝም።
ዲስኩ ስንት ሞላ፣ ባትሪው ስንት ቀረው፣
መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ተነሣ ወይ፣
ማን ደወለ፣ ማን ትቶ ሄደ፣ የማን ቃል ሳይሰማ አደረ፣
ይህን ሳገላብጥ ይነጋል።

ድርጅቱ የሚሸጠው የወፍጮ ዕቃ ነው፤
ቀበቶ፣ ኩሽኔታ፣ ድንጋይና ወንፊት።
ስልክ የምታነሣው ልጅ አሥራ አንድ ሰዓት ትወጣለች፤
ከዚያ ወዲያ ያለው የኔና የማሽኑ ነው።

ጥቅምት ሲጋመስ ዲስኩ ዘጠና ሰባት ደረሰ።
ሥራ አስኪያጁ፣ አቶ አሰጋኸኝ፣
«ያረጀውን አጥፋ» አለኝ፣ «ስልሳ ሰከንድ ይበቃል፤
ጉዳይ ላለው ሰው ጉዳዩ በስልሳ ሰከንድ ያልቃል።»

ላጠፋ ተቀመጥሁ።
ከአንድ ቁጥር፣ ከወረባቦ፣ አሥራ አንድ መልእክት፤
ሁሉም ስልሳ ሰከንድ፣ ሁሉም የተቆረጠ፣
እንደ ሸንኮራ፣ ጫፉ ገና እርጥብ።

ማዳመጫውን አጠለቅሁ።
«አሰላሙ አለይኩም። ጦይባ ነኝ፣ የሐጂ እንድሪስ ልጅ፣ ከቢስቲማ ወዲያ።
እንዴት ናችሁ? ደኅና ናችሁ? ልጆቹስ?
ብርዱስ? ጦሳስ እንዴት አድርጓችኋል?
ያቺ ስልክ የምታነሣው ልጅስ፣ ጉንፋኑ ለቀቃት?
እኛ አልሐምዱሊላህ፤ ማሽላው ደርሷል፣ ወፍ ነው ያስቸገረን፤
ከብቱም ደኅና፣ አንዷ ላም ብቻ…»
ቲት።

በማግሥቱ፦
«አሰላሙ አለይኩም። ጦይባ ነኝ። እንዴት አደራችሁ?
ትናንት ጠይቄ ነበር፤ ትናንት ግን ትናንት ነው፣
ሌሊቱን ማን ያውቃል? ልጆቹስ…»
ቲት።

ሦስተኛውም፣ ሰባተኛውም እንዲሁ።
ዘጠነኛው ላይ ላሚቱ ወለደች።
ጉዳዩ ግን የለም፤ ጉዳዩ ከደጅ ቆሟል፣
ጫማውን አውልቆ፣ ሰላምታው እስኪያልቅ።

«ከድምፁ በኋላ መልእክትዎን ያስቀምጡ» ሲላት
«እሺ የኔ ዓለም፣ ዕድሜ ይስጥህ» ነው የምትለው፤
ከስልሳዋ አራቱን ለማሽኑ ነው የምትከፍለው።
ያን ቃል የቀዳሁት እኔ ነኝ፣ ሁለት ዓመት ሆነው፤
ለካ ሳላውቀው ስመረቅ ነው የከረምሁት።

ያን ሌሊት ለማንም አልነገርሁም፦
አራት ጊዜ የተቀመጠውን ያምና ማስታወቂያ፣
ሰው የሌለባቸውን ጥሪዎች፣ የመንገድ ጥሩምባ፣ ንፋስ፣ አራገፍሁ፤
ዲስኩ ሰባ አንድ ገባ።
ስልሳ የሚለውን ሰርዤ ሦስት መቶ ጻፍሁ፣
አጥፍቼ አስነሣሁት፤ አረንጓዴው መብራት ተመለሰ።

ጧት ነጥቡ ብልጭ አለ።
«አሰላሙ አለይኩም። ጦይባ ነኝ…»
በልጆቹ አለፈች፣ በብርዱ፣ በጥጃው፤
ስልሳው ላይ ትንፋሿን ያዘች፣ መቆረጡን ለምዳዋለች።
አልተቆረጠም።
ዝም አለች።
ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦
«አላችሁ? እንግዲያው ጉዳዬን ልንገር።
የወፍጮው ቀበቶ ከተበጠሰ አሥራ ስድስት ቀኑ፤
ሰዉ እህሉን በአህያ ጭኖ ቢስቲማ ድረስ ይሄዳል።
ቁጥሩ ቢ ሰማንያ ስምንት ነው። ሁለት ላኩልኝ፣ አንዱ ለመጠባበቂያ፤
ብሩን በቴሌብር እልካለሁ። አብሽሩ።»

መቶ ሰማንያ ሁለት ሰከንድ።
ቀበቶዎቹ ከቀትር በፊት በሚኒባስ ወጡ።

አቶ አሰጋኸኝ ዛሬ ሊያይ መጣ፤
«ምንድን ነው» አለ፣ «ይሄን ዲስክ እንዲህ የሚሞላው?»
«ሰላምታ ነው» አልሁት።
ሳቀ፤ ቀልድ መሰለው፤
ሪፖርቱ ላይም የጻፍሁት ይኸንኑ ነው።