የ«ገ» ወገብ

ከበረሃው ሽቅብ፣ ሞተሩ አቃስቶ፣
ደጀን ይደርሳል ሰው ጉልበቱ ተፈትቶ።
ከማደያው ማዶ፣ ካስፋልቱ ጥግ ላይ
አዲስ ቤት ሠራች፣ ላላፊው እንዲታይ፣
ወይዘሮ አትጠገብ፤
ለመንገድ ሠራተኛ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ
ሽሮ ያንተከተከች፣ «ነገ ነው» ለሚሉ።
ወይፈን ተሸጠና፣ እቁብም ወጣና፣
የባሏም ዝምታ ተቆጠረና
(እሱም አንድ ወጪ ነው)፣
ቆርቆሮ ተመታ፣ ወለል ተለሰነ፣
አርባ ወንበር መጥቶ ሠላሳ ስምንት ሆነ።

እኔ ሰሌዳ ጸሐፊ ነኝ።
የሉማሜ ፋርማሲ፣ የቢቸና ጋራዥ፣ የሟችም መቃብር፣
ሁሉም የእጄ ጽሑፍ፤ ስሕተት አልነበር፤
ቢኖርም ሟች መጥቶ አይከሰኝ ነበር።

የእህቷ ልጅ ምናሉ ከባሕር ዳር መጣ፣
ላፕቶፕ በብብቱ፣ ከኮሌጅ የወጣ።
«ብራንድ ነው ቁም ነገሩ፤ ሎጎ፣ አርማ፣ ቀለም፤
ያለ ስሎጋንማ ምግብ ቤት የለም፤
‹ግራንድ አባይ ቪው› ብንለው ይሸጣል።»
አክስቱ ሽንኩርቷን እየላጠች ታለቅሳለች፤
ለስሙ ይሁን ለሽንኩርቱ ማን ያውቃል።

መሪጌታ ልሣኑ ከደብር ወረዱ፣
ጋቢ አስተካክለው ስም ሊያወጡ ፈቀዱ፦
«‹ማዕዶት› በይው ልጄ፤ መሻገር ነው ሰሙ፣
ማዕድ ተደብቋል ከሥሩ፣ ከደሙ።»
እጅ ነሣች። ከዚያ ወደኔ ዞረችና፦
«ስም አለኝ» አለች፣ «አባቴ ያወጣው፣
መታወቂያዬ ላይ መንግሥት የሚያውቀው፣
ሹፌር ሁሉ ደጄ ቆሞ
‹አትጠገብ፣ ጨምሪልኝ› ብሎ የሚጠራው።
እሱን ጻፍ።»

ማክሰኞ ማታ ነው፤ ምረቃው ለረቡዕ።
መብራት ጠፋ። ስልኬን በጥርሴ ነክሼ፣
መሰላል ላይ ቆሜ፣ ቀይ ቀለም ለውሼ
«አ» አልኩ፣ «ት» አልኩ፣ «ጠ»ን ጨረስኩና
«ገ» ላይ ስደርስ አንድ ሲኖትራክ መጣና
ጡሩንባውን ነፋው።
እጄ ደነበረ፤
የ«ገ» ወገብ ተሰበረ።
በጨለማ የሰበርኩትን
በጨለማ አላየሁም።

ጠዋት ባሱ ቆመ። ረዳቱ ወርዶ አነበበ፤
ድምፁን ለተሳፋሪው እንደ ቲኬት አደለ፦
«‹አትጠግብ ምግብ ቤት!›
ወገን፣ ቀድመው ነግረውናል እኮ!»
ከሣቁ መካከል አንድ ሹፌር ወጣ፣
እጅጌውን ሰብስቦ፣ «እስቲ ትምጣ» አለ፣ «ትምጣ!»
ሽሮ አለ፣ ደገመ፤ ምስር አለ፣ ደገመ፤
በሱፍ ፍትፍቱ ላይ ቀበቶው ታመመ።
ሌላው ተከተለ፤ ከሌላው ደግሞ ሌላው።
እልህ ለካ ከራብ ይበልጥ ያስበላል።
ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ድስቱ ባዶ ቀርቷል፣
ወንበር የጎደለው ጀሪካን ላይ ውሏል፣
ምናሉ ላፕቶፑን ዘግቶ ሳህን ያጥባል።

እሷ ግን አልሣቀች።
ማታ ብሩሼን ይዤ፣ ዓይኔን መሬት ጥዬ ስመጣ
«አስተካክል» አለች፤ ቀጥላም «በነጻ»።
ነጭ ቀባሁበት፣ ሲደርቅ እንደገና ቀይ፤
የ«ገ»ን ወገብ አቀናሁት፣ ጎረቤት ሁሉ እያይ።
ግን ፀሐይ ስትጋደም፣ ከነጩ ቀለም ሥር
የድሮው ስብራት ይወጣል እንደ ጠባሳ፤
ሹፌሮቹም ጎሐ ጽዮን ላይ «የት በላችሁ?» ሲባሉ
እስከ ዛሬ ድረስ «አትጠግብ ጋ» ይላሉ።

ያን ማታ ከመሰላሉ ስወርድ
እንጀራ ዘረጋች፤
ከድስት ጥግ የተጠረገ የመጨረሻ ሽሮ።
በላሁ። ቃል አልወጣኝም።
እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማ አየችኝ አየችኝና
«ጠገብክ?» አለች።

ስለ ሆዴ ይሁን ስለ ድፍረቴ
እስካሁን አልለየሁም።
ቀና ብዬ ሰሌዳውን አየሁ፤ ቀለሙ ገና እርጥብ ነው።
«ጨምሪልኝ» አልኳት፣
ለማንኛውም።