ጉዳዩ፦ ፍየል ስለበላችው ፓስፖርት

ከዚራ ኒም ጥላ፣ ካንድ እግረ-ሰባራ
ጠረጴዛዬ ጋር ስኖር በዚህ ሥራ፣
ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ጉዳይ ጻፍኩኝ፣
«ለተከበሩ» ብዬ እየጀመርኩኝ፣
«ከሰላምታ ጋር» ላይ እየጨረስኩኝ።

ፍቺ ጽፌ አውቃለሁ፣ የድንበር ክርክር፣
ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የተነቀለ በር፣
ቦሎ የሌለው ባጃጅ፣
ደቻቱ ጠራርጎ የወሰደው ደጅ።
እንዲህ ያለውን ግን
እጄም አያውቀው፣ ብዕሬም አያውቀው።

ሐሙስ ነው፣ ረፋድ፤ አስፋልቱ ሲግል፣
አንድ ቀጭን እንግዳ ቀረብ፣ ራቅ ሲል።
ሱኩማራን ይባላል፤ የክር ፋብሪካውን ማሽን
ሊተክል ነው አመጣጡ፣ ከህንድ፣ ለዘጠና ቀን።
ማሽኑ ተተከለ፣ ክሩ ተፈተለ፣
ዘጠናው ቀን ሞልቶ አርባ ሦስት ቀን ዋለ።

«ፓስፖርትህስ?» አልኩት።
ጫማውን አየና፣
«ፍየል» አለኝ።

ከተከራየበት ግቢ፣ ገንደ ቆሬ፣
ከሱሪው ጋር ታጥቦ ረጥቦበት ኖሮ
ድንጋይ ጭኖ ፀሐይ ላይ አስጥቶት፣
ሻይ አፍልቶ እስኪመለስ፣
የአዴ ሹክሪያ ፍየል፣ ቀንደ ጎደሎዋ፣
ካርቶን ቁርሷ፣ የሲሚንቶ ከረጢት ምሳዋ፣
ፎቶውን፣ ቪዛውን፣ የቦሌን ማኅተም፣
ሽፋኑ ላይ ያሉትን ሦስቱን አንበሶች ሳይቀር!
ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ ይባላል፤
አንበሳ መቀርጠፏን ግን ማን ተረተ?
የተረፈችው አንዲት ጥግ ናት፣
«...ራን» የምትል፣ የስሙ ጅራት።
በክብሪት ቀፎ ይዟት ይዞራል።

ፖሊስ «ቁጥሩን አምጣ» አለው፤ ቁጥሩ ያለው ሆዷ ውስጥ።
ኤምባሲው «የፖሊስ ማስረጃ»፤
ኢሚግሬሽን «መውጫ የሚመታበት ገጽ የታለ?
ቅጣቱም በየቀኑ ይታሰባል»።
ቀን ይመሻል፣ ሰው ይተኛል፣
ቅጣት ግን ሳያንጎላጅ ያድራል።
አንዱ ጸሐፊማ፣ «ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ!» ብሎ
መስኮቱን ዘጋበት።
ሱኩማራን፣ «አባ፣ ቅዝምዝም ምንድን ነው?» አለኝ፤
ነገርኩት፤ ደብተሩ ላይ ጻፋት፣
ከ«ነገ ና» በታች።

«ተወው፣ ‹ጠፋ› ብለን እንጻፍ» አልኩት፣
«ለ‹ጠፋ› ቅጽ አለው፣ ሁሉም ያውቀዋል።»
«አልጠፋም» አለ፤ «የት እንዳለ አውቃለሁ።»

ልስቅ ነበር፤ ዓይኑን ሳይ አፈርኩ።
እንዳለው ጻፍኩለት፣ የጎደለ ቀንዷን ጭምር።
አዴ ሹክሪያም መጣች፣ ፍየሏን በገመድ ስባ፤
«አቦ፣ ይህቺውላችሁ፣ ትጠየቅ!» አለች።
ተጠያቂዋ ቀና ብላ
የኒሙን ቅጠል አየች።

ለምስክር፣ መታወቂያ ያለው ሰው ይፈለጋል።
«እኔ አለሁልህ!» አልኩት፤
ባቡሩ ሲያፏጭ የተወለድኩ፣
ደቻቱ አሸዋ ላይ ኳስ የጠለዝኩ፣
እዚህ ድንጋዩ እንኳ በስሜ ይጠራኛል።
ከደረት ኪሴ መዝዤ ሰጠሁት።
ሱኩማራን ተቀበለ፣
ፊትና ኋላውን አየ፣
ባገራችን አቆጣጠር ላይ ስምንት ደምሮ
በጣቱ ቆጠረ።
አገልግሎቱ ካበቃ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ።
ሳይቀልድ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«አባ፣ ያንተስ ቅጣት በቀን ስንት ነው?» አለኝ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤
ወረቀት ለቆኝ ሲሄድ ያላወቅሁት ሞኙ
እኔ ኖሬያለሁ ለካ፣
ከተወለድኩባት ከተማ ቀኔ አልፎ ሰንብቼ።

ሌላ ንጹሕ ወረቀት ሳብኩ፣
ካርቦኔን ከሥሩ ሸጎጥኩ፣
«ለተከበሩ» ብዬ ጀመርኩ፤
አመልካች፦ እኔው።
አዴ ሹክሪያን ግን፣ «ገመዱን አሳጥሪው» አልኳት፤
ቀለሙ ገና አልደረቀም።