አራተኛ ፎቅ

ሐኪሙ ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቅሎ፣
«አጥንትሽ ደህና ነው» አለኝ ፈገግ ብሎ።
ደህና የሆነው አጥንት ሌሊት ሲጮህብኝ፣
ማን ይሟገትልኝ፣ ማን ይመስክርልኝ?
«ስብራት አይደለም፤ ሕመምሽ ግን እውነት፣
ቶሎ ሰው አያምንም የፈራ ሰውነት።»

የሰው ነጭ ቀንዱራ ሳቃና እውላለሁ፣
የራሴን መጨማደድ በምን እተኩሳለሁ?

ማታ ካውያ ጥዬ ደረጃ ስወጣ፣
አንድ ፎቅ፣ ሁለት ፎቅ፣ ሦስተኛውም መጣ።
አራተኛው ላይ ቀረሁ።
ሁለት ወር።
እዚያው።

ሰዓዳ በር ከፍታ «ዛሬስ ስንት ደረስሽ?»
«አራት።»
«ትናንትናስ?»
«አራት።»
ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችኝም።

አርብ ወደ ሻርጃ ኾር ወረድኩ። ባሕሩ ሸሽቷል፣
አንድ የእንጨት ጀልባ ጭቃ ላይ ተኝቷል።
ባለቤቱ አይገፋም፣ አያይም ሰዓት፣
በጀልባው ጥላ ሥር ይልጣል ሽንኩርት።
«መቼ ትሄዳለህ?» ልለው አሰብኩና
ተውኩት፤ ውሃው ሩቅ ነው፣ ፀሐዩም ገና።

ማታ አራተኛው ላይ፣ እንደ ልማዴ፣ ቆምኩ።
ቁጭ አልኩ። ከቦርሳዬ ብርቱካን አውጥቼ ላጥኩ።
ጀርባዬ ያው ነው።
እኔም እንደ ሰዓዳ
አልጠየቅኩትም።