በፊደል ስንት?

ሱቄ ከሐጂ ይማም ጋራዥ ጎን፣ ከመድኃኔዓለም ቁልቁል ነው፤
እብነ በረድ ቆርጬ፣ የሙት ስም የምጽፈው።
ዋጋዬ በፊደል ነው፤ ነጥብም አስከፍላለሁ፤
መስቀሉን ብቻ በነጻ ካናቱ እጨምራለሁ።

ጧት ጦሳን ጉም ሲውጠው፣ ደሴ ዓይኗ ሲጠፋ፣
ባጃጁ በቀን መብራት ሽቅብ ሲያንኮራፋ፣
አቶ መኳንንት መጡ ከነጃንጥላቸው፣
የሚስማር፣ የቆርቆሮ መደብር ያላቸው፤
ገና በደህናቸው፣ ገና በጤናቸው፣
የራሳቸውን ሐውልት ሊያዝዙ በራሳቸው።

"ልጆቼን አላምንም፤ ኋላ ያሳጥሩታል፤
ያባታቸውን ስም በብር ይመትሩታል"
አሉና ዘረጉ የተጻፈ ወረቀት፦
የቆርቆሮው ብዛት፣ የደብሩ ጉልላት፣
ያስገቡት የቧንቧ ውኃ፣ የሰጡት ምንጣፍ፣
ለነዳያን በየወሩ በሚካኤል ደጃፍ
ያበሉት ንፍሮ ሳይቀር፣ አንድም ሳይጎድል፤
ቆጠርኩት በጣቴ፦ ሁለት መቶ አሥር ፊደል።

"ለድሃ የሰጠ ለእግዜር ያበድራል፤
ያለ ሰነድ ብድር የት አገር ያድራል?"
አሉኝ እየሣቁ። ሣቅኩኝ አብሬያቸው።
ቀብዱን ቆጥረው ሰጡኝ፣ ሳልለምናቸው።

ክፉ ሰው አይደሉም።
እኔም ጠጥቻለሁ ከዚያች ቧንቧ ውኃ፤
ቧንቧው አይጠይቅም፣ ሀብታም ነህ ወይ ድሃ።

በሰኞ ገበያ ዕለት፣ ከቀትር በኋላ፣
አንዲት ሴትዮ ገባች፣ ጥቁር ሻሽ ጠቅልላ።
ባሏ ኮምቦልቻ ላይ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣
ሲሚንቶ ሲያወርድ ኖሮ ከነትከሻ ቁስሉ፣
በሐምሌ ዝናብ ሞቶ፣ "ያው፣ ደክሞት ነው" አሉ።
ከመቀነቷ ጫፍ ፈታች የታሸ ብሯን፤
ሦስት ፊደል ይገዛል፤ አይነካም አራተኛዋን።

"ስሙ ማን ነበረ?"
"ጓንጉል።"
"አራት ነው፤ ይጎድላል"
አልኳት። ዝም አለች። ጉሙ በሩ ላይ ቆሟል።
"ግድ የለም፣ ሦስቱን ጻፍ" አለች ቀና ብላ፤
"የላይኛው ያነባል፤ የጎደለውን ይሙላ።"

ጓ፣ ን፣ ጉ ብዬ ጻፍኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም።
ሥራ ሥራ ነው አልኩ፤ ሱቅ በእንባ አይቆምም።

ሌሊት ግን ዝናቡ ቆርቆሮ ሲደልቅ
መጣብኝ ያ ስብከት፣ ከልጅነቴ ሩቅ፦
ነዌ ሐር ለብሶ፣ አልዓዛር ቆስሎ፣
ያ በእሳት ተጠምቶ፣ ይሄ ባብርሃም እቅፍ ውሎ።
"አልዓዛር ደግ ነበር" አይልም መጽሐፉ፤
የሠራው አልተጻፈ፣ ከመተኛት በደጃፉ።
ነዌም አልገደለ፣ አልሰረቀም ከሰው፤
አላየውም ብቻ፣ ሲወጣ ሲገባ ሲያልፈው።

ግን ያ ደጅ ሳይኖረው አይቀርም አንድ ዘበኛ፤
ነዌን ያልሆነ፣ አልዓዛርንም፤ ደሞዝተኛ፤
ፍርፋሪውን ቆጥሮ "ላንተ አይደርስህም" ያለ፤
ስሙ ያልተጻፈ፤ እስካሁን እዚያው አለ፣
መሮ ይዞ።

ጎህ ሲል ወጣሁ ሽቅብ፣ መዶሻዬን ይዤ፣
በመቃብሩ መሃል በጭቃ ተጉዤ።
ጉሙ ጥቅጥቅ ብሎ ስም ከስም አይለይ፤
ሀብታሙም ድሃውም ነጭ ሆኖ ነው የሚታይ።
በዳበሳ አገኘሁት፦ ጓ፣ ን፣ ጉ፣ በጣቴ፤
"ል"ን ቀረጽኩለት፣ በገዛ ጉልበቴ።

ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ፣ ወዲያው፣ እዚያው ሳለሁ፣
"አንዲት ፊደል በነጻ! ላይ ቤት ትቆየኛለች" አልሁ።
ስንት ይሆን ወለዱ? ሠላሳ? መቶ እጥፍ?
እንዳቶ መኳንንት መዝገብ ከፍቼ ስጽፍ!

"ቀኝህ የምትሰጠውን ግራህ አትወቅ" ይላል ቃሉ፤
ጌታ ሆይ፣ በኔ ሥራ እጆቼ አብረው ይውላሉ፤
ግራዬ መሮ ይዛ፣ ቀኜ ስትመታት፣
እንዴት አድርጋ ትስጥ፣ ግራዬ ሳታያት?

ወረድኩ። ሱቁ በር ላይ፣ ከነጃንጥላቸው፣
አቶ መኳንንት ቆመዋል፤ ገርጥቷል ፊታቸው።
"ሁለት ቃል ረሳሁ፤ ከግርጌው፣ በደቃቅ፣
'ይቅር በለኝ' ጻፍልኝ" አሉ፣ ሳይሥቁ ያን ሣቅ።

ስድስት ፊደል ነው።
ስንት ልበላቸው?