ቤት ለቀቃችሁ ወይ?

ሻንጣው አልጋው ላይ ነው፣ አፉን ከፍቶ ዋለ፣
ያጎረስኩት ሁሉ አልበቃው እያለ።
ለአምስት ቀን ላንጋኖ፣ ለሁለት ሰው ጉዞ፣
ሦስት ጫማ ተሰልፏል፣ ካውያውን ይዞ።
ለዝናቡ ጃንጥላ፣ ለብርዱ ጋቢ፣
ለወባው ኪኒን፣ ለጨለማው ሻማ፣
ዳማከሴ በወረቀት፣ ሆድ ቁርጠት ቢመጣ።

ከሁሉም ከሁሉም፣ ከታች ተደብቆ፣
አንድ ጥቁር ቀሚስ፣ ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ ደርቆ።
«ሐይቅ ዳር ማን ይሞታል?» ይላል ባሌ ስቆ።
እኔ በዘጠኝ ዓመት አንዴ ወጣሁ እንጂ፣
ሞት የዓመት ፈቃድ የለው፣ እሑድ የለው፣ በዓል፤
ዝዋይ ላይ ቢደወል፣ በአበባ ቀሚስ ማን ለቅሶ ይደርሳል?

አስናቀ እንደሆነ ያንድ ፌስታል ሰው ነው፤
ቁምጣ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ካናቴራ፣ ይኸው ነው።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ ኮዬ ፈጬ ጭር ብሎ፣
ሻንጣው በሁለት ሰው ክንድ፣ እንደ በሽተኛ ተንጠልጥሎ፣
ከአራተኛ ፎቅ ወረድን፣ ሊፍት የለ፣ መብራት የለ፣
በየበሩ ጄሪካን ውሃ ቀኑን እየጠበቀ ሳለ።
ሁለተኛው ፎቅ ስንደርስ ዚፑ ጧ! ብሎ ተተረተረ፤
ካውያው ደረጃ በደረጃ እስከ ምድር ቤት ዘመረ።

ጋሽ ቡልቻ፣ የብሎካችን ዘብ፣ ባትሪውን አበራና፣
ካውያውን ከእግሩ ሥር አየ፣ ወደ እኛም ቀና አለና፣
«ምነው ልጄ፣ በሌሊት? ቤት ለቀቃችሁ ወይ?
ቢያንስ ደህና ሁን አይባልም ወይ?»

ሳቅኩ። መሳቁንስ ሳቅኩ።
ግን እዚያው ደረጃው ላይ፣ ጫማዎቼ መሀል፣ ቁጭ አልኩ።

እውነቱን ነው። እኔ ዕቃ መሸከፍ የተማርኩት
ቤት ስለቅ ነው።
ገርጂ ሰርቪስ ቤት፣ አከራይዋ «ልጄ ሊያገባ ነው» ስትለኝ፣
ሳሪስ፣ ኪራዩ በአንድ ክረምት ሁለቴ አድጎ ሲያባርረኝ፣
ጀሞ ደግሞ ምክንያት እንኳ አልነገሩኝ።
ሰባት ጊዜ። በአይሱዙ። ፍራሹ በገመድ ታስሮ፣
የመጋረጃው ምስማር ሳይቀር ተነቅሎ፣ ተቆጥሮ።
እጄ የሚያውቀው ሕግ ይኼ ብቻ ነበር፦
ያልያዝሽው ይቀራል፤ የቀረ አይመለስም።
«መጥቼ እወስደዋለሁ» ብዬ የተውኩት
አንድ ማንኪያ አላስታውስም።

አሁን ግን ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።
ዓመታት ቆጥበን፣ ዕጣ የወጣልን ቤት፤
ግድግዳው ገና ቀለም ይለምናል፣
ቧንቧው ሲፈልግ ነው የሚያነባው፤
ግን «እስከ ወሩ መጨረሻ ልቀቂ» የሚል የለበትም።
ታዲያ ካውያውን ማን ሊወስድብኝ ነው ያሸከምኩት?

አስናቀ ምንም አላለም። ሁለት ጫማ፣ ጋቢ፣ ጃንጥላ
ታቅፎ ተመልሶ ወጣ።
ጥቁሩን ቀሚስ እኔ ራሴ ሰቀልኩት፤
ቁም ሣጥኑን ስዘጋ እጄ ትንሽ ዘገየ።
ጋሽ ቡልቻ ካውያውን ካፖርቱ ሥር ሸጉጦ
«እኔ ጋ ይደር፣ ስትመለሱ ትወስጃለሽ» አለ፣
ስትመለሱ፣
እንደ ቀላል ነገር፣ እንደ ሰላምታ።

ቃሊቲ መናኸሪያ ረዳቱ መሰላሉን ይዞ
«ጭነት አለ?» አለኝ።
«የለም» አልኩት። ዞር ብሎ አየኝ፣
እኔም ዞር ብዬ ራሴን ያየሁ መሰለኝ።
ትከሻዬ ላይ አንዲት ቦርሳ፣ ለአንድ ቅያሪ የምትበቃ፣
እጆቼ የት እንደሚቀመጡ ጠፍቷቸው፣ ቁልፉን እየዳበሱ።

ዱከምን ሳናልፍ አስናቀ እንቅልፍ ወሰደው።
ያኔ ነው ቦርሳዬን ከፍቼ ቀስ ብዬ ያሸተትኩት፤
ዳማከሴዋን፣
አልክድም፣
ደብቄ ይዣታለሁ።