ልብሱ ውጭ የቀረ ገጽ

ሦስት ቀን ዘነበ፤ ካስትሮ ውሃ ለበሰች፤
ዶኛ ኤድዊና ማልዳ በስልክ ደረሰች፦
«ኖልቤርቶ፣ ቶሎ ና፣ የጀልባው ገጽ ታሟል፤
ሰዓቱ ዋጋው ላይ ተደርቦ ተኝቷል፤
ፊደሉ አብጧል፣ ሥዕሉም ጠፍቷል፤
ሰው ደጄ ላይ ቆሞ ቲኬት ይለኛል።»

መፍቻዬን በኪሴ፣ ጃንጥላዬን ትቼ
(ነፋሱ ሁለት ሰብሮብኛል፤ አሁን ግን ነቅቼ)
ወረድኩ ቁልቁለቱን፣ በእንጨት እግራቸው
ባሕር ውስጥ የቆሙት ቤቶች ዘንድ፣ እስከ ደጃቸው።

ከድንቹ ጆንያ ጀርባ፣ ከጨው ከረጢት አጠገብ
አለ አንድ ኮምፒውተር፣ ሲከፈት የሚያቃስት፣ ሲዘጋ የሚያስብ፤
ልጇ ወደ ደቡብ ሲሄድ የተወላት፣
ከነአቧራው፣ ከነገመዱ የጣለላት።

አየሁት። እውነትም ገጹ ያሳፍራል፤
ከገላ መታጠቢያ ወጥቶ ልብሱን እንዳጣ ሰው ቆሟል፤
ቀለም የለ፣ ዓምድ የለ፤ ሁሉ ወደ ግራ ተከምሮ፣
የቻይቴን መነሻ ከኬዮን መድረሻ በአንድ ገመድ ታስሮ።

«ምን ነካሽ?»
«ምንም።»
ሃያ ዓመት ስጠግን ሌላ መልስ አልሰማሁም።

አደስኩት፤ ያው ነው። ደግሜ አደስኩት፤ ያው።
የሸጎጠውን አሮጌ ቅጂ ጠርጌ ደፋሁት፤ ያው።
«ኩኪውን ላጥፋው» ስል ኤድዊና ሳቀች፦
«ብስኩት ከዚህ ሱቅ ከጠፋ ሁለት ወሩ» አለች።
ማጉያውን መቶ ሰባ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት፤
ዓይኗ ነው የሰቀለው፤ ዝም ብዬ አወረድኩት።
እብጠቱ ጎደለ። ራቁትነቱ ግን እንዳለ ነው፤
ሌላ ማሰሻ ከፈትኩ፤ እዚያም ያው ራቁት ነው።
«ለኩባንያው ደውዪ» አልኳት። «ደወልኩ፤ ‹ገጹን እዪ› አሉኝ፤
ይኸው አየሁት፤ አንተ ደግሞ ‹ደውዪ› በለኝ!»

ሮሳሜል በሩ ላይ በር ተሸክሞ ቆሟል፤
እውነተኛ በር ነው፣ ማጠፊያና እጀታ ያለው፤
ማዶ ደሴት ወንድሙ ቤት ሠርቶ መዝጊያ አጥቷል።
ውሃው ከባርኔጣው ድንቹ ላይ ይወርዳል፤
«የማታው ይሄዳል ወይስ አይሄድም?» ይላል።

ያኔ ነው ከስክሪኑ ግርጌ፣ ከቀኝ ጥግ ያየሁት፦
ጃንዋሪ አንድ፣ ሁለት ሺህ ዘጠኝ፣ እኩለ ሌሊት።
ማሽኑ ቀኑን ረስቶ ወደ ልደቱ ተመልሷል፤
ኤድዊና አጎንብሳ አነበበች፦
«ያን ጊዜ ጉልበቴ ደኅና ነበር፤ ይሄስ ታድሏል።»

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቃሉ በአሮጌው፣ ዘብ በሌለው መንገድ ይመጣል፤
ልብሱ ግን በሌላ በር፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ ይደርሳል።
ማሰሻው በረኛ ነው፤ ወረቀቱን አየ፣ የቤቱን ቀን አየ፣
«ይህማ ገና አልተጻፈም» አለ፤
ቃሉ ቤት ገባ፤ ልብሱ ዝናብ ላይ ዋለ።

ሣጥኑን ፈታሁት። አቧራ፣ የደረቀ ሸረሪት፣
ከሥሩ ሳንቲም የምታህል ባትሪ፣ ነፍስ የሌላት።
ኤድዊና ከትንሿ ሚዛን ሆድ አንዲት አውጥታ ሰጠችኝ፤
«ሚዛኑስ?»
«ድንች በእጅ ይመዘናል፤ ግራም ማን ጠየቀኝ?»

ቀኑን አስተካከልኩ። አንድ ጊዜ አደስኩ።
ሰማያዊው መጣ፤ ዓምዶቹ ቀጥ ብለው ቆሙ፤
ሥዕሏ ጀልባ በቦታዋ፤ ሰዓቶቹ ተስማሙ።
ሦስታችንም አጎነበስን። አማረ።
በቀይ፣ ወግ ባለው ፊደል፣ መስመሩን ሳይስት፦
«በነፋስ ምክንያት የማታው ጉዞ ቀረ።»

ማንም አልተናገረ። ኤድዊና ወንበር ሳበች፤
«አብጦ ሳለ ተስፋ ነበረው» ብላ ድንች መላጥ ጀመረች።

ግማሽ ጆንያ ከፈለችኝ። ከዳገቱ ላይ ዞር ብዬ አየሁ፦
ሮሳሜል በሩን ከግድግዳው አስደግፎ ከሥሩ ተቀምጧል፤
ቤት የሌለው በር፤
በውስጡም በውጭውም ይዘንባል።