ማገዶው እርጥብ ነው

ኤርሚንዳ እህቴ፣
ዝም ያልኩሽ ተቀይሜ አይደለም፤ ጊዜ አጥቼም አይደለም፤
ከሰኞ እስከ እሁድ ብለቅመው፣ ለወግ የሚበቃ የለም።
ዛሬ ልጻፍ ብዬ ቁጭ ስል ግን፣ ያልሆነ ነገር የለም።

ካስትሮ ላይ ዝናቡ ይኸው አሥራ ዘጠኝ ቀኑ፤
ውሾቹ መጮኽ ትተው በየበረንዳው መነኑ።
ባሕሩ ሞልቶ መጥቶ ከወለል በታች ሲንቦጫረቅ፣
ቤታችን በግንድ እግሮቹ፣ እንደ ሽመላ ቆሞ ሲሳቀቅ፣
ምድጃው ፊት ተንበርክኬ እፍ ስል አነጋለሁ፤
ማገዶው እርጥብ ነው፤ እሱ ያለቅሳል፣ እኔም አለቅሳለሁ፤
ለልጆቹ «ጭሱ ነው» እላለሁ።

ኒባልዶ ያው ነው፤ ሳልሞን እርሻው ላይ አሥራ አራት ቀን ይሠራል፣
ሰባቱን ሊያርፍ ሲመጣ፣ ሶፋው ላይ እንደ መልሕቅ ይጣላል።
«ጉልበትህስ?» ስለው፣ «ደህና»፤
«ሥራስ?» «ደህና»፤
«የባንኩስ ዕዳ?» ስለው፣ ግድግዳውን እያየ፣ «ደህና»።
አንዲት ፍሬ ቃል፣ ስንቱን ልትሸከም ነው ገና?

ሚላራይ ፀጉሯን ቆረጠች፤ በእኔው መቀስ፣ እኔው ሳላውቅ፤
ሦስት ቀን ኮፍያ አጥልቃ በላች፣ አጥልቃ ተኛች፣ እንዳይታወቅ።
በአራተኛው ቀን ሾርባ ላይ ረስታው አወለቀች፤
ልቆጣ አፌን ስከፍት፣ ቁርጥ አንቺን መስላ ታየች፤
በአባባ ጀልባ አፍንጫ ላይ፣ ነፋሱ አንገትሽን ሲልሰው፣
«እዚህ አልቀርም» ያልሽ ዕለት፣ መልክሽ ልክ እንደዚያ ነው።
ቁጣዬን ከሾርባው ጋር ዋጥኩት። ትኩስ ነበር።

ጋስፓር የፊት ጥርሱ ወለቀ። ለአይጢቱ ትራስ ሥር ሊያኖር
እየሮጠ ሲመጣ አመለጠችው፤ በሳንቃው ስንጥቅ ወርዳ፣ ባሕር።
ያለቅሳል ብዬ ብደርስ፣ በደረቱ ተኝቶ፣ በስንጥቁ አጮልቆ፣
«እማ፣ ከዛሬ ጀምሮ ባሕሩ ይነክሳል» አለኝ፣ በሹክሹክታ፣ ተጠንቅቆ።
ይኸው እስካሁን ያንን ሳንቃ በባዶ እግሩ አይረግጥም።
እኔም አልረግጥም።

የላክሽው ካፖርት ደርሷል፤ እኔን ጠበበኝ፣ ኒባልዶን አጠረው፤
እማማ ናት የወረሰችው፤
እስከ ቁርጭምጭሚቷ ወርዶ፣ አላወልቅም ብላ አብራው አደረች።

እኔስ?
ማክሰኞ ለት ከገበያ ገብቼ፣ ከረጢቴን ሳላስቀምጥ፣
በሩ ሥር ቆሜ ቀረሁ፤ ልግባ አልል፣ ልቀመጥ፤
ወተቱ ብብቴ ሥር ለብ እስኪል፣ ሰዓቱ ሲደውል ሳላዳምጥ።
ሐዘን እንዳልለው፣ ማን ሞቶ? ድካም እንዳልለው፣ ተኝቼ ነበር።
ምን እንደሚባል አላውቅም።
ኋላ ጋስፓር «እማ፣ ወተቱ!» ሲለኝ፣ ወተቱን አስቀመጥኩ፤
ድንች መላጥ ጀመርኩ።

ድንች ስል፣ ይህን ሆን ብዬ ነው ለመጨረሻ ያቆየሁት።
ቅዳሜ እማማ የዘር ድንቹን ወለል ላይ ዘርግታ ስትለይ፣
እንደ ልማዷ ስም ስማቸውን ጠርታ፣ እንደ ልጆቿ በተራ ስታይ፣
ዘጠኙን ጠራች፤ አሥረኛውን አነሳች፤ እጇ እንደ ተንጠለጠለ
«ይኼ… ይኼ…» አለች፤ ስሙ ግን የለ።
ያ ቀጭኑ፣ ጥቁር ወይን ጠጁ፣ እንደ ሕፃን ጣት የጎበጠው፤
«ከእናቴ ነው የመጣ» ብላ፣ ካፖርቱ ኪስ ከተተችው።
እስካሁን እዚያው ነው። ማታ ማታ እጇን ሰዳ ትዳብሰዋለች።

እኔም ስሙን አላውቀውም፤ እሷ ታውቀዋለች ብዬ መቼ ያዝኩት!
አንቺ ግን እርሻው ላይ ከኋላ ከኋላዋ ስትዪ የኖርሽ ነሽ፤
እስቲ አስቢ፤ ከጣፋጩ ቀጥሎ፣ ከአጥሩ ጥግ የሚተከለው፣
በመስከረም ሰማያዊ የሚያብበው።
ትዝ ካለሽ ለእኔ ብቻ ጻፊልኝ፤
አንድ ጠዋት እንደ ዋዛ ጆሮዋ ሥር ጣል አደርገዋለሁ፣
ራሷ ያስታወሰችው እንዲመስላት።

ፑንታ አሬናስ በረዶ ጣለ ሲል ራዲዮኑን ሰማሁት፤ እግርሽን አሙቂ።
ለምን አትመጪም ብዬ አልጠይቅሽም፤ ባለፈው ጠይቄሻለሁ።
ቆይ፣ ምድጃው ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ፤
እሳቱ ያዘ መሰለኝ፤
ሳይጠፋ ልሂድ።

ኦቲሊያ